ላባ የለበሰች ባለርስት

ፍትሕ በአገራችን እንደ ዝናብ ናት። ለሁሉም እኩል ትወርዳለች፤ ጣሪያ ለሌለው ግን አብልጣ ትደርሰዋለች። በጌዶና በእጃጂ መካከል በምትገኝ፣ ኩራት እንዳይሰማት ስሟን በተውነው አንዲት ከተማ በ1964 ዓ.ም. የተሰጠው ፍርድ ለዚህ ምስክር ነው።

ነገሩ የተጀመረው ግራዝማች ውባየሁ ትራክተር ሲገዙ ነው። ትራክተር ሜዳ እንጂ ጢሰኛ አይወድም። ስለዚህ ካረጀ አባቱ ተረክቦ ሃያ ሁለት ዓመት ያረሰላቸውን ሌታን መሬቱን እንዲለቅ አዘዙት። ሌታ መሄጃ አልነበረውም። እዚያው ተወልዶ እዚያው የሸበተ ሰው ነውና ፍርድ ቤት ሄዶ አቤት አለ።

ዳኛ ብዙነህ ነገር ከሥሩ መያዝ ይወዳሉ። መሬቱ ላይ ማን ቀድሞ እንደመጣ ጠየቁ። ግራዝማች አባቶቻቸውን እስከ ሰባት ቆጥረው ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አቀረቡ። ሌታ እስከ ዘጠኝ ቆጠረ፤ ጸሐፊው ግን "በወረቀት ያልተደገፈ" ብሎ አለፈው።

ከሀገረ ሕይወት ከተማ መጥቶ ሳይንስ የሚያስተምረውና የሌታን ጓዳ የተከራየው መምህር በድሉ ለምስክርነት ቆሞ ነበር። ይህን ሲያይ ደሙ ፈላ።

"ቁም ነገሩ መቅደም ከሆነ፣ የኦቦ ሌታ ዶሮ ሁላችሁንም ትቀድማለች። ዘሯ መቶ አምሳ ሚሊዮን ዓመት ይቆጠራል" አለ።

ማሽሟጠጡ ነበር። ዳኛ ብዙነህ ግን በሥራ ሰዓት ሽሙጥ አይሰሙም። ብዕራቸውን አነሱ።

"የመጀመሪያው አባቷ ማን ይባላል?"

"አርኪኦፕተሪክስ።"

ጸሐፊው ሦስት ጊዜ አስደግሞ ጻፈ። በድሉም መምህር ነውና አንዴ ከጀመረ ማቆም አልቻለም። ፍጥረቱ ቁራ የሚያህል፣ ጥርስና የእንሽላሊት ጅራት ያለው፣ ክንፉ ላይ ጥፍር ያበቀለ፣ ላባ የለበሰ፣ ከተሳቢ እንስሳ ወደ ወፍ በሚወስደው መንገድ መካከል የቆመ መሆኑን፣ አጥንቱ ድንጋይ ሆኖ፣ ላባውም ድንጋይ ላይ ታትሞ መገኘቱን አስረዳ።

"የት ተገኘ?" አሉ ግራዝማች።

"ጀርመን አገር።"

"እንግዲያው የውጭ ዜጋ ነው። የውጭ ዜጋ በአገራችን ርስት የለውም።"

ክርክሩ ብርቱ ነበር። ዳኛው ግን ዶሮዋ እዚሁ ሌታ ጎጆ ውስጥ መፈልፈሏን ተመልክተው፣ እንደ ሦስተኛ ተከራካሪ በጣልቃ ገብነት እንድትቀርብ አዘዙ።

በቀጠሮው ቀን ሌታ በብብቱ ይዟት መጣ። ሦስት ሽማግሌዎች ዘሯን ለማጣራት እግሯን መረመሩ። ሁለቱ ቅርፊቱ ቁርጥ የእባብ ነው አሉ። ሦስተኛው፣ ታዲያ ዕድሜ ልኬን በየፋሲካው ስበላ የኖርኩት ምንድን ነው ብሎ ቢጠይቅ፣ ጥያቄው ከጭብጡ ውጭ ነው ተብሎ ታለፈ። ከዚያ እግሯ ቀለም ተነክሮ መዝገቡ ላይ አረፈ። ጸሐፊው ከብዙ ሹማምንት ፊርማ ይልቅ ይነበባል ሲል መሰከረላት።

ሌታ ተስፋ አደረገ። ዶሮዋ ከረታች እሱም ረታ ማለት ነው፤ ዶሮዋ የማን ሆነችና! ለራሱ ከቆላው ገብስ ላይ ዘግኖ በተነላት። ሚስቱ ጌጤነሽ ግን ዶሮ ክስ ስትረታ አይታ እንደማታውቅ ተናግራ ዕቃዋን ማሰር ጀመረች።

ጌጤነሽ ተሳሳተች። ዶሮዋ ረታች።

ዳኛ ብዙነህ ቆመው አነበቡ፤ ሰዉም ቆሞ ሰማ። ጣልቃ ገቧ ከጥንት ዘር የመጣች ባለርስት መሆኗ በሳይንስ ስለተረጋገጠ ከይዞታዋ ማንም እንዳይነቀንቃት፤ ሆኖም ማረስና ግብር መክፈል ስለማይሆንላት ግራዝማች ውባየሁ ሞግዚት ሆነው መሬቱን በስሟ እንዲያስተዳድሩ፤ ባለርስት በጢሰኛ ቤት ማደር ስለማይገባት መኖሪያዋ ከሞግዚቷ ዘንድ እንዲሆን፤ ሌታ ግን መቅደሙን የሚያስረዳ ላባም ሆነ አጥንት ስላላቀረበ በሠላሳ ቀን ውስጥ እንዲለቅ ተወሰነ።

ሌታ ግን ከዚህ ሁሉ አንዲት ቃል ይዞ ቀረ።

"የጎደለው አጥንት ነው?" ብሎ ጠየቀ። "አባቴ እኮ ማሳው ጫፍ ላይ ነው የተቀበረው። ቆፍሬ ላምጣው?"

ዳኛ ብዙነህ ለድሃ የሚያዝኑ ሰው ናቸውና የዘጉትን መዝገብ እንደገና ገለጡ።

"ከሞተ ስንት ጊዜ ሆነው?"

"አሥራ ሁለት ዓመት፣ ጌታዬ።"

"ገና ነዋ" አሉ በርኅራኄ። "ድንጋይ ሲሆን ይግባኝ በል።"