ቅጠል አያስገድፍም

የሐኪም ትእዛዝ እንዴት አድርገን እንደምንሰማ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሳስተውል ኖሬ ጨጓራዬ ተልጧል። ሐኪም ሲከለክለን እንደ ጾም ነው የምንይዘው፤ ስሙ የተጠራውን ብቻ እንተዋለን፤ ያልተጠራውን ማን ከለከለን! ስኳር የተከለከለችው ጎረቤታችሁ ማር በጥብጣ ትጠጣለች። ማር የንብ ነዋ! ጨው የተከለከለው ዘመዳችሁ ሚጥሚጣውን ይነሰንሳል፤ ሚጥሚጣው ውስጥ ያለው ጨው ለእሱ ጨው አይደለም። ምግብ ውስጥ ያለው ነገር የሚጠቅመውም የሚጎዳውም ስሙ ተጠራ አልተጠራ ሆድ ከገባ ሥራውን ይሠራል ብትሉ የሚሰማችሁ አታገኙም። እኔ ብዬ አይቼዋለሁ።

ጋሽ ታደሰ ዲላ ውስጥ ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጡ ጎረቤቴ ናቸው። ባጃጅ ከተማችን የገባ ሰሞን ልባቸው እየዘለለ ያስቸግራቸው ጀመር። ሱቃቸው ውስጥ በተቀመጡበት ደረታቸውን ይይዛሉ፤ ላብ ያጠምቃቸዋል። ሐኪሙ መርምሮ፣ “ቡና ይተዉ፤ ልብዎ አይችለውም። እንዲህ ከቀጠሉ እሰጋለሁ” አላቸው። በየመጋዘኑ ደጅ ቡና የሚለቀምበት፣ ያገኘ ያጣውም በቡና የሚተዳደርበት ከተማ ተቀምጦ ቡና መተው! ቢሆንም ተዉ። ባለቤታቸው እትዬ አስካለም፣ “እሳቸው እያማራቸው እኔ ፊታቸው አልጠጣም” ብለው አብረው ተዉ። ሰፈሩ አደነቀ። እኔም አደነቅሁ። ጅል ነበርኩ።

ብዙም ሳይቆይ የልጃቸው አማት አቶ ጅግሶ ከዱመርሶ ሊጠይቋቸው መጡ። ቡና አብቃይ ናቸውና አንድ እቅፍ የቡና ቅጠል ይዘዋል። “ጋሼ፣ የተከለከለ ቡና ነው እንጂ ቅጠል ማን ከለከለ? ቅጠሏን አፍልቶ፣ ጨው ጣል፣ ቃሪያ ጣል ነው። እኛ ጋ ሕፃንም ይጠጣል፣ ምንም አይልም!” አሉ። ጎረቤት ተሰብስቦ መከረበትና ቅጠል አያስገድፍም ተባለ። እትዬ አስካለ ማፍላቱን እያፈሉ ራሳቸው ግን አልቀመሱም፤ ለባላቸው ይትረፍ ብለው።

ቅጠሉ ሲለመድ የቡናው ገለባ እየተፈላ ተከተለ። ገለባ የሚጣል ነገር ነው፤ የሚጣል ነገር ደግሞ ምን ያደርጋል? ቀጥሎ ጀንፈሉ መጣ። እዚህ አገር የደረቀውን ቡና ከነገለባው በቅቤ ጠብሶ መብላት የተለመደ ነው። “ይሄማ ጭራሽ አይጠጣም፤ ይበላል እኮ!” አሉኝ ጋሽ ታደሰ፣ ቅቤ የነካውን ከንፈራቸውን እየጠረጉ። ደሜ ፈላ። “ጋሼ፣ ልብዎን የሚያስደልቀው ነገር እኮ ቅጠሉም ውስጥ፣ ገለባውም ውስጥ አለ” ብላቸው፣ “አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሐኪም የሆንከው?” ብለው አፌን አስያዙኝ። ነጭ ሽንኩርት ለልብ ይበጃል ሲባል የሰሙ ጊዜ ማንም ሳያዝዛቸው በጥሬው ሲቆረጥሙ የነበሩት እኚሁ ሰው ናቸው! እንግዲህ ደጉ ሳይጠሩት ይሠራል፤ ክፉው ካልጠሩት አይሠራም። እንዴት አልናደድ?

አንድ የገበያ ቀን ሱቃቸው ውስጥ ተዝለፍልፈው ወደቁ። እኔና እትዬ አስካለ ደግፈን ባጃጅ ውስጥ አስገባናቸው። ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል። እትዬ የባላቸውን እጅ ጨብጠው ባጃጁ ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር ማርያምን ይጠራሉ። ያን ጊዜ ንዴቴ ጠፍቶ ፍርሃት ብቻ ቀረኝ።

ሐኪሙ መርፌ ወግቶ ልባቸው ረገብ ሲል፣ “ቡና ጀመሩ እንዴ?” አለ።

“በማርያም! ቡና አፋቸው አልገባም!” አሉ እትዬ አስካለ።

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። ቅጠሉን፣ ገለባውን፣ ጀንፈሉን አንድ ባንድ ዘረገፍኩት። ሐኪሙም ወደ ጋሽ ታደሰ ዞሮ፣ “አባት፣ ልብዎን የሚያስቸግረው ካፌይን ነው። እሱ ደግሞ በሁሉም ውስጥ አለ። ሲወስዱት ነው የከረሙት” አላቸው።

ያፍራሉ ብዬ ስጠብቅ ጋሽ ታደሰ ከተኙበት ቀና ብለው ተቆጡ። “እንግዲያስ ይህን ሁሉ ጊዜ በከንቱ ነዋ የጾምኩት! ቅጠሉም ቡና ከሆነ ዋናውን እጠጣ አልነበረም?”

“አንተ ደግሞ መቼ ጾምክ?” አሉ እትዬ አስካለ። ባላቸውን አንቱ ሲሉ የኖሩ ሴት ናቸው፤ አንቱታው የት እንደገባ እንጃ። “የጾምኩት እኔ ነኝ! ራሴን እየፈለጠኝ፣ ዓይኔ እየጨለመ፣ ልብህ እንዳይቆምብኝ ብዬ አንድ ስኒ ሳልቀምስ ከረምኩ። አንተ ቡናውን ከነዛፉ ስትበላ!”

ጋሽ ታደሰ መልሰው ጋደም አሉ። ሐኪሙም እኔም ወለሉን ማየት ጀመርን።

ዛሬ ልባቸው ደህና ነው። ጠዋት ጠዋት ሙቅ ውኃ ይዘው በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ። እትዬ አስካለ ደግሞ ፊት ለፊታቸው ተቀምጠው ጥቁር ቡናቸውን ቀስ እያሉ ፉት ይላሉ። አንድ ቀን አንጀቴ አልችል ቢለኝ ጠጋ ብዬ፣ “እትዬ፣ አያምራቸውም እንዴ?” አልኳቸው።

“ያምራቸው እንጂ!” አሉኝ ስኒያቸውን ሳያወርዱ። “ጾም የጀመሩት ገና አሁን ነው።”