ማንም ሳያልፍበት የሚያስከፍለው በር

ትናንት ሌሊት በሕልሜ፣ ክላውድ በሚባለው የኪራይ ኮምፒውተር ላይ የማስተዳድራቸው ትንንሽ ፕሮግራሞች ሰው ሆነው መጡ። በውኑ ዓለም ሲጠሩ ብቻ ይነቃሉ፤ የበሽተኛውን የላቦራቶሪ ውጤት ከማከማቻው አምጥተው ወደ ስልኩ ይልኩና ይጠፋሉ። በሕልሜም ያው ነበሩ፤ "አቤት" ብለው ብቅ፣ "ጨርሻለሁ" ብለው እልም።

ውጤቶቹ ያሉበት መጋዘን ከእነሱ ክፍል ጋር ግድግዳ ይጋራል። እነሱ ግን በዋናው በር ወጥተው፣ ሚኒባስ ተሳፍረው፣ ቀለበት መንገዱን ዞረው በዚያው በር ወደ መጋዘኑ ይመለሱ ነበር። ሚኒባሱን ተሳፋሪዎቹ ይነዱታል፤ ሹፌሩ ኋላ ወንበር ላይ ሆኖ "ወራጅ አለ" ይላል፤ ረዳቱ ለያንዳንዱ ሒሳብ እየከፈለ ያወርዳል። በሩ ላይ ደግሞ ጋሽ ደምሰው የሚባሉ ዘበኛ ተኝተው ያስከፍላሉ።

"ዛሬ እኮ ማንም አላለፈም፣ ጋሼ።"

"እሱማ ነው የሚያስወድደው" አሉኝ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። "ማለፍ ቅጽበት ነው፤ አለማለፍ ግን ቀን ይፈጃል።"

ደሜ ፈላ። በውኑም ፕሮግራሞቹ ወደ ማከማቻው የሚዞሩበት የኔትወርክ በር፣ ማንም ባያልፍበትም በየሰዓቱ ያስከፍለናል፤ በአቋራጭ እንድንተካው ለኮሚቴው ሐሳብ አቅርቤያለሁ። ወጪው በዚህ ወር ካልቀነሰ ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ ሙሉነሽ አገልግሎቱን እንደሚዘጉት ነግረውኛል። ከተዘጋ፣ ገጠር ያለው በሽተኛ ውጤቱን ለመስማት ጤና ጣቢያ ሲመላለስ ሊከርም ነው። ዶማ አንስቼ ወደ ግድግዳው ሄድኩ።

"ፈቃድ አምጣ" አለኝ ግድግዳው።

"ከማን?"

"ከእኔ። ከተሠራሁ ጀምሮ የጠየቀኝ ሰው የለም።"

"እሺ፣ ፍቀድልኝ።"

"ስብሰባ ገብቼ ልምጣ።"

ግድግዳው ስብሰባ ሄደ፤ ቦታው ክፍት ሆነ። እስኪመለስ አልጠበቅኩም፤ መቃን አቁሜ ትንሽ በር ገጠምኩ። ፕሮግራሞቹ በዚያ ገብተው ወጡ፤ የጠየቃቸውም የለም። ወይዘሮ ሙሉነሽ ቢሮዬ ደጃፍ ላይ ተሰልፈው የዓመት ፈቃድ ለመኑኝ፤ ፈቀድኩላቸው። ጋሽ ደምሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ነቁ።

"ካሁን በኋላ በነጻ ልተኛ ነው?" አሉ ቅር ብሏቸው።

ደስታዬን ሳልጨርስ ስልክ ቀሰቀሰኝ። ወይዘሮ ሙሉነሽ ናቸው።

"አብነት፣ ያቀረብከውን አቋራጭ ኮሚቴው ወዶታል። የድሮው የኔትወርክ በር ግን ለማንኛውም ይቆይ ተባለ።"

"ታዲያ ወጪው በምን ይቀንሳል?"

"አገልግሎቱን ዘጋነው።"

"በበሩ ታዲያ ማን ሊያልፍ ነው?"

"ማንም። ለማንኛውም ነው አልኩህ እኮ።"

ከአልጋዬ ሳልወርድ ላፕቶፔን ከፈትኩ። የድሮውን በር ዘጋሁት፤ አገልግሎቱን በአቋራጩ በኩል መልሼ ከፈትኩት። ከዚያ በኋላ ነው ፊቴን የታጠብኩት።