ዲጂታል ሎጂክና የአርብ ዓሣ

ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ ሲባል ተማሪው ልጁ ይመስላችኋል? ሞኞች! የሚማረው አባት ነው፤ የሚፈተነውም አባት ነው፤ ልጅ የሚሄደው ወረቀቱን ለማስረከብ ብቻ ነው።

እኔን ተመልከቱኝ። አራተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ጋር በሰላም ተለያይቼ፣ ጁባ ካስተም ገበያ ምግብ ቤት ከፍቼ ስኖር፣ በስተርጅና "ዲጂታል ሎጂክ ዲዛይን" የሚባል መዓት መጣብኝ። ያመጣችብኝ ልጄ ሳምራዊት ናት። አምና በዚሁ ትምህርት ወድቃለች። ዘንድሮም ከወደቀች መሐንዲስነቱ ቀረ፤ ተባረረች ማለት ነው። ፈተናው ሐሙስ ነው። እሷ ግን ሰኞ ከሰዓት ምግብ ቤቱ ጥግ ተቀምጣ፣ ዜሮና አንድ የሞላበት ደብተር ላይ እንባዋን ታንጠባጥባለች።

"ምንድን ነው እሱ?" አልኳት።

"ትሩዝ ቴብል ነው አባዬ። ዜሮ የለም ነው፣ አንድ አለ ነው። ሁኔታዎቹን ደርድረህ ውጤቱን ትጽፋለህ። ተወው፣ አይገባህም።"

አይገባህም?! እኔን?! ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

"እኛ ቤት ሥጋ የማይወጣው መቼ ነው?"

"ረቡዕና አርብ።"

"ረቡዕ ሆኖ፣ ፋሲካ ካለፈ ገና ሃምሳ ቀን ካልሞላውስ?"

"ይወጣል።"

"ታዲያ እሱን አትጽፊውም!"

ትላልቆቹን አጽዋማት ለጊዜው ትተን ጀመርን። ረቡዕ ወይም አርብ ነው? ዜሮ፣ አንድ። በዓለ ሃምሳ ነው? ዜሮ፣ አንድ። አራት መስመር ሆነ። ከአራቱ ሥጋ የተከለከለበት አንዱ ብቻ! ሳምራዊት ከወንበሯ ዘለለች። "አባዬ! ገባኝ እኮ!"

ጎረቤቴ ሐጂ ሰዒድ፣ ስኳር በጅምላ የሚሸጡት፣ ከወዲያ ጠረጴዛ ሳቁ። "የእኔ ሻይስ? ጾም ሆነ ፍስክ እጠጣዋለሁ።"

"እሱ ኤክስ ነው ሐጂ" አለች። "ዜሮም ሆነ አንድ ግድ የለም ማለት ነው።"

ግድ የለም?! እንዲህ ያለ ግሩም ነገር ይማራሉና ያለቅሳሉ?

"ቆይ! በጾም ቀን ለዓሣም ኤክስ ጻፊልኝ!"

ይኼኔ ባለቤቴ ጥሩነሽ ጭልፋዋን እንደያዘች ከጓዳ ወጣች። "ዓሣ ዜሮ ነው!"

"አንቺ ሴት፣ ያለነው እኮ ነጭ ዓባይ ዳር ነው!"

"ዓባይ ዳር ስለሆንክ ጾሙ ዋኝቶ አይሄድልህም!"

በዚህ ጉዳይ ከተጋባን ጀምሮ ስንጨቃጨቅ ኖረናል። አሁን ግን ተመጋቢው ሁሉ ገባበት… ግማሹ "ዜሮ!" ግማሹ "አንድ!" እያለ ጠረጴዛ ይደበድባል። ሐጂ "ማፊ ሙሽኪላ! ማፊ ሙሽኪላ!" እያሉ ችግር እንደሌለ ሊያሳምኑን ይለፋሉ። ሳምራዊት እየሳቀች ዓሣው ላይ ኤክስ ጻፈችበት። "ካልተስማማችሁ ክፍት ይቆያል!"

ከዚያ በኋላ ቤታችን ቤት አልሆነም። ትእዛዝ ሁሉ በሎጂክ ሆነ። "ሽሮ አለ?" ይላል የከባድ መኪና ሾፌር። "አንድ!" እላለሁ። "ኧረ እኛ ሦስት ነን!" ይላል። ሳምራዊት ግን እየበላችም፣ ሰሃን እያነሳችም ሠንጠረዥ ትሠራለች። እኔም ከሥራ ሥራ እየዘለልኩ "የጾም ቀን ዜሮ፣ ሃምሳ አንድ… ቶሎ በይ!" እያልኩ አፋጥጣታለሁ።

ሐሙስ ተፈተነች። ውጤቱ የወጣው በሳምንቱ አርብ ነው። ሳምራዊት በዚያ የካስተም ግርግር መሃል ስትሮጥ መጣች። "አለፍኩ! አባዬ አለፍኩ!"

እልል ያልኩት እኔ ነኝ። ወንድ እልል አይልም ያለው ማነው?

"ጥሩነሽ! ትልቁን ዓሣ ጥበሺልን! አርብ ቢሆንም ኤክስ ነው፣ ግድ የለም!"

ጥሩነሽ አልተቆጣችም። ይኼ ራሱ ሊያሰጋኝ ይገባ ነበር። ቀስ ብላ ወደ ልጇ ዞረች። "ሳምሪዬ፣ ኤክስ ሲያጋጥማችሁ ምን ታደርጋላችሁ?"

"ሥራውን ወደሚያቀልልን እናደርገዋለን እማዬ። ዜሮ ካቀለለልን ዜሮ፣ አንድ ካቀለለልን አንድ። ፈተናው ላይም የመጣው እሱ ነው።"

"እንግዲህ ለእኔ የሚያቀልልኝ የዓሣ መጥበሻ አለማጠብ ነው። ዜሮ!"

"ልክ ናት አባዬ" አለች መሐንዲሷ።

ወገኖቼ፣ ልጆቻችሁን አስጠኑ፣ ግዴታችሁ ነው። ግን አደራ… በምትወዱት ምግብ አታስጠኑ!