ወይዘሮ ሙሪየል በንጉሡ አትክልት ቦታ

እንግሊዝ አገር በየሰፈሩ፣ አንድ ቀን በቤተ መንግሥቱ አትክልት ቦታ ሻይ ጠጥቶ ከዚያ ወዲያ ጎረቤቱን ሰላም የሚነሳ ሰው አይጠፋም። በእኛ ሰፈር ይህን ከፍተኛ ሹመት የያዙት ክብርት ወይዘሮ ሙሪየል ቶርንዳይክ ናቸው።

መጀመሪያ የሄዱት ባለቤታቸው ክላረንስ የከተማችንን ማርሽ ባንድ ለብዙ ዘመን በመምራቱ ተጋብዞ ነው። እሱ ስለዚያ ቀን ሲጠየቅ «ጫማዬ ጠቦኝ ነበር» ይል ነበር። እሳቸው ግን ዳቦ ቤት ሲሰለፉ «ቤተ መንግሥት ሳለን ማንም አይጋፋም ነበር» ይላሉ። ልደት ላይ ኬክ ሲቆረስ «ቤተ መንግሥት ሳለን ቁራሹ ከአውራ ጣት አይበልጥም ነበር።» ቀብር ላይ ቆመን እንኳ ስለ ንጉሡ ሣር አለሳለስ ሹክ ብለውኛል። ፀጉር ሠሪዋ ዶሪን ወንበሩን እያዞረች «ሙሪየል፣ ልቁረጥልሽ ወይስ ዘውድ ልጫንልሽ?» ትላቸው ነበር።

ባለፈው የበረዶ ወራት ክላረንስ ሞተ። ቀብሩ ላይ ያልነበረ ሰው የለም። በሳምንቱ ግን ስሙን የሚያነሳ ጠፋ። ሙሪየልን እናስለቅሳቸዋለን ብለን ስለ አየሩ ብቻ እናወራቸው ጀመር። እሳቸውም ስለ ቤተ መንግሥቱ ማውራት ተዉ። ዳቦ ቤቱ ጭር አለ፤ ስንመኘው የኖርነው ጸጥታ ሲመጣ ደስ አላለንም።

በጸደይ ሌላ የግብዣ ካርድ መጣ። ይኸኛው የራሳቸው ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን ተማሪዎችን አስፋልት ሲያሻግሩ ኖረዋልና። ግብዣው ለሁለት ሰው ስለሆነ የእኔን የጎረቤታቸውን በር አንኳኩ።

«ኔቪል፣ ሙሉ ልብስ አለህ?»

«ለቀብር የገዛሁት አለ።»

«እሱኑ ልበስ። ክራባቱን ግን ቀይር፤ ሐዘንተኛ ይዤ አልገባም።»

ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ያ ሁሉ ሕዝብ በነጫጭ ድንኳኖች ሥር ቆሞ የሚሰማው የሲኒ ኳኳታ ብቻ ነው። ሰው ሲያወራ በሹክሹክታ፣ ሲበላ በቁንጥርጥር። ዝናቡ ራሱ ይሉኝታ ይዞት ቀስ ብሎ የሚወርድ ይመስል ነበር። ከሐይቁ ማዶ ባንድ ይጫወታል። ሙሪየል የኪያር ሳንድዊቻቸውን መልሰው አስቀመጡ።

«ይሄን ዜማ ክላረንስ ፈጠን ያደርገው ነበር» አሉ።

እኔም ዝናቡ ያባራ እንደሆነ ብዬ ሰማዩን አየሁ።

ከንጉሡ ቤተሰብ አንዷ ልዕልት ሊያልፉ ነው ተባለና ከድንኳኑ ወጥተን ሰልፉ ፊት ቆምን። የሙሪየል ሰማያዊ ኮፍያ ውኃ ጠጥቶ ጆሯቸው ላይ ተደፋ።

«ድንኳን እንግባ፣ ይታመማሉ» አልኳቸው።

«አንተ ግባ።»

ልዕልቲቱ አጠገባችን ካለው ሰውዬ ጋር ሳቅ ብለው ተነጋገሩ። ሙሪየል እጅ ሊነሱ ጉልበታቸውን አጠፉ። ይሄን ጊዜ አንድ አጃቢ ወደ ማዶው ሰልፍ አመለከተ፤ ልዕልቲቱም ጀርባቸውን ሰጥተውን ሄዱ። ሙሪየል ጉልበታቸውን እንዳጠፉ ቀሩ። በክንዳቸው ይዤ ቀና አደረግኳቸው። በባቡር ወደ ከተማችን ስንመለስ እርጥብ ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ያቃኑ ነበር።

በማግስቱ ዶሪን ዘንድ ተራ ይዤ ተቀምጫለሁ፤ ወንበሩ ላይ ያሉት እሳቸው ናቸው።

«እህስ፣ አነጋገሩሽ?» አለች ዶሪን።

ሙሪየል መስታወቱን ትኩር ብለው አዩ። «ልዕልቲቱ አነጋገሩኝ። ‹ባለቤትሽ እንዴት ነው?› አሉኝ። ነገርኳቸው። አሟሟቱን ሁሉ ነገርኳቸው። አልቸኮሉም።»

መቀሱ ቆመ። ዶሪን ወደ እኔ ዞረች። «እውነት ነው፣ ኔቪል?»

በመስታወቱ ውስጥ የሙሪየል ዓይን እኔ ላይ ነው።

«ዝናብ እየመታቸው ቆመው ሰሟቸው» አልኩ። «እንዲያውም ምን ዓይነት ሰው ነበር ብለው ጠየቁ።»

ዶሪን መቀሱን አስቀምጣ ወንበር ሳበችና አጠገባቸው ተቀመጠች። «እኛ እኮ ጠይቀንሽ አናውቅም» አለች ቀስ ብላ። «ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

ወይዘሮ ሙሪየል ፀጉራቸው በግማሽ ተቆርጦ ማውራት ጀመሩ። ከእኔ ኋላ ተራ የያዙትም ንቅንቅ አላሉም። ያን ቀን ማናችንም ፀጉራችንን ሳንቆረጥ ቤታችን ገባን።