የሰብሳቢው ክንድ

በጎሽ ውሃ ከተማ የገና ጨዋታ ሊግ ሦስት እሑዶች በተከታታይ ያለ ጎል አለፉ። ሊጉ አራት ክለቦች ነበሩት። ተጫዋቾቹ ደመወዝ እየተከፈላቸው ሩሯን፣ ያችን ድቡልቡል እንጨት፣ በቆልማማ ዱላ ይጠልዛሉ፤ ተመልካቹ በሜዳው ዙሪያ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያዛጋል። በአራተኛው እሑድ የሚያዛጋም ጠፋ። ማንም ከማን ቢጫወት የማይቀሩት ሽማግሌው አቶ ጓንጉል ብቻ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ታዩ፤ እሳቸውም እንቅልፍ ይዟቸው ነበር።

የሊጉ ሰብሳቢ አቶ መንበሩ ኮሚቴውን ጠሩ። አቶ መንበሩ ረጅም ሰው ናቸው፤ በር ሲገቡ ጎንበስ ማለት ስለማይወዱ የጽሕፈት ቤቱን መቃን ከፍ አስደርገውታል። ሕዝቡ የራቀው ውጤት ስላጣ ነው፤ ውጤት የጠፋው ደግሞ ደንቡ ስላረጀ ነው ሲሉ አስረዱ። ከዚያ ያዘጋጁትን አዲስ ደንብ ማንበብ ጀመሩ።

ተጫዋቾችን ወክሎ የተቀመጠው የሸማኔዎች ክለብ በረኛ ታረቀኝ ነበር። ዕድሜው ሠላሳ ስምንት ነው። አሥራ ሁለቱን ዓመት ያሳለፈው በሁለት ቋሚዎች መካከል ቆሞ ነው፤ የጎሽ ውሃ ሰው ያንን ክፍተት ጎል አይለውም፣ በር ነው የሚለው። ታረቀኝ ከዚያ በር ሌላ የሚያውቀው ቦታ የለም። ባለፈው ዓመት ሙሉ ወቅት በሩን ያስከፈተው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሦስቱንም ዛሬ ድረስ ያስታውሳቸዋል።

በአንደኛው አንቀጽ፣ ስድስት ክንድ የነበረው በር ዘጠኝ ክንድ ይሆናል። በሁለተኛው፣ ተከላካዮች በአንድ ወገን ተሰብስበው መቆም ተከለከሉ፤ በአንዱና በሌላው መካከል አሥር እርምጃ ይኑር ተባለ። እስካሁን ሩሯ ወደምትመጣበት ወገን ተጠጋግተው ስለሚቆሙ ምንም አያልፍም ነበርና። በሦስተኛው፣ ሩሯን ያገኘ ሰው አሥር እስኪቆጠር ካልመታ ይነጠቃል። ብዙ ማሰብ ጨዋታ ያቀዘቅዛል ሲሉ አቶ መንበሩ ከወረቀቱ ቀና ብለው አከሉበት። አራተኛው አጭር ነበር፤ በሦስት ተከታታይ ጨዋታ ከአሥር በላይ የገባበት በረኛ ቦታውን ይለቃል።

አራተኛው አንቀጽ የማንንም ስም አላነሳም። ከተሰብሳቢው መካከል ግን በረኛ አንድ ታረቀኝ ብቻ ነበር፤ ሁሉም ወደ ጣሪያው አየ። እጅ አውጡ ሲባል ከእሱ በቀር ሁሉም እጅ ወጣ፤ የቀረው የተጫዋቾች ወኪል ፊርማ ነው። ያለ እሱ ደንቡ አይጸድቅም።

«አንተስ፣ ታረቀኝ?» አሉ አቶ መንበሩ።

«እኔማ ምን እላለሁ ጋሼ፤ ለውጥ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ዘጠኝ ክንድ የተባለው በማን ክንድ ነው?»

ጥያቄው የሞኝ አልነበረም። ታረቀኝ ያደገው በሸማኔዎች ሰፈር ነው። እናቱ ኩታ ልትገዛ ገበያ ስትወርድ ሁልጊዜ ረጅሙን ወንድሟን አስከትላ ነበር፤ ነጋዴው ደግሞ ሻጭ አድርጎ የሚያስቀምጠው ድንክ የአጎቱን ልጅ ነበር። ዋጋው ላይ ከመስማማት ክንዱ ላይ መስማማት ይከብዳል። ታረቀኝ በልቡ የመረጠው የቃለ ጉባኤ ጸሐፊዋን የእትዬ ስንዱን ክንድ ነበር፤ ስንዱ አጭር ሴት ናቸው።

አቶ መንበሩ ሳቁ። «በማን ይሆናል ታዲያ? በሰብሳቢው ክንድ ነዋ።»

 ቋሚዎቹ ሐሙስ ሐሙስ ለከብት ገበያው ስለሚነቀሉ በየሳምንቱ መልሰው ይተከላሉ። ስለዚህ ታረቀኝ እንዲህ አለ፤ እፈርማለሁ፣ ነገር ግን በረኛው ሲጠይቅ በሩ ከጨዋታው በፊት በሕዝብ ፊት ይለካ። ሰብሳቢው ክንዱ የራሳቸው እስከሆነ ድረስ በዚህ የሚጎዳ ነገር አላዩበትም። እትዬ ስንዱ ፊታቸውን ሳይፈቱ ጻፉት፤ «በሰብሳቢው ክንድ፣ በሕዝብ ፊት፣ በረኛው ሲጠይቅ» ብለውም መልሰው አነበቡ። ታረቀኝ ፈረመ።

በመጀመሪያው እሑድ መቶ የማይሞላ ሰው መጣ። ዳኛው ፊሽካውን ወደ አፉ ሲያነሳ ታረቀኝ እጁን አወጣና «ይለካልኝ» አለ።

አቶ መንበሩ ግራጫ ሱፋቸውን ለብሰው ነበር። ክንድ ቆሞ አይለካም። መሐረባቸውን መሬት ላይ አነጠፉ፣ ተንበረከኩ፣ ክርናቸውን ከቋሚው ሥር አስጠግተው እጃቸውን አቧራው ላይ ዘረጉ። ከዚያ ተነሡ፣ መሐረቡን አራገፉ፣ ወደፊት አነጠፉ፣ እንደገና ተንበረከኩ። ተመልካቹ ሁሉ አንገቱን አሰገገ። አቶ ጓንጉል ከእንቅልፋቸው ነቅተው ይህ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ፤ አዲሱ ደንብ ነው ተባሉ። ጥሩ ደንብ ነው አሉ።

ስድስተኛው ክንድ ሲደርስ የከብት ገበያው ትቶት የሄደ ነገር በመንገዳቸው ላይ ነበር። ሰብሳቢው ጣታቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ታረቀኝ ይህን አየ፤ ስንዝር ተረፈለት ማለት ነው። በዚያ ቀን የገባበት ስምንት ብቻ ነው፤ በሌላው በር አሥራ ሁለት ገባ።

በሁለተኛው እሑድ ሰው ስድስት መቶ ደረሰ። በሦስተኛው ድንጋይ ጠፍቶ ሰው በግንብ ላይ ተቀመጠ። ሁሉም ጊዜ አክብሮ ከጨዋታው ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይገባል። ከአጥሩ ጥግ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አንድ» ሲል ሌላው «ሁለት» ብሎ ተቀበለው፤ ስድስት ላይ ሜዳው በሙሉ አብሮ ቆጠረ። ከልኬቱ በኋላ ሩቡ ያህል ሰው ወደ ጉዳዩ ይሄድ ነበር፤ አቶ መንበሩ ግን በዚያን ሰዓት ጉልበታቸውን ስለሚያራግፉ አያዩትም። ለበላይ አካል በላኩት ሪፖርት የጎል ቁጥር በማደጉ ሕዝቡ ወደ ሜዳው ተመልሷል ብለው ጻፉ። ሁለቱም ነገር እውነት ነበር። ጎል ጨምሯል፤ ሕዝብም ተመልሷል።

በአምስተኛው ሳምንት ጉልበታቸው አመማቸው። ወደ ትልቁ ከተማ ሰው ልከው የብረት ሜትር አስገዙ። ከእንግዲህ በሩ በክንድ መለካቱ ቀርቶ በሜትር እንዲሆን፣ ያም ስንዝር ሳይጎድል እንዲለካ ወሰኑ። ሜትሩን ሁለት ሠራተኞች ቆመው ዘረጉት፤ በአንድ ትንፋሽ አለቀ። ማንም አልቆጠረም።

በሩ በእውነት ዘጠኝ ክንድ ሲሆን ታረቀኝ አልቻለውም። ተከላካዮቹ በአሥር እርምጃ ተራርቀው እርስ በርስ እየተያዩ ይቆማሉ፤ ሩሯ በመካከላቸው ታልፋለች። አሥራ አራት ገባበት፤ ቀጥሎ አሥራ አምስት፤ ቀጥሎ አሥራ ሦስት። በሦስተኛው ማታ አራተኛው አንቀጽ ተነበበለት። ጓንቱን አጣጥፎ ለክለቡ አስረከበና ከቤቱ ደጅ ተቀምጦ የወይራ ዱላ በእሳት እያሞቀ ማጉበጥ ጀመረ።

ከዚያ ወዲያ ጎል እንደ ልብ ሆነ። ሃያ ለአሥራ ስምንት የተጠናቀቀ ጨዋታ ነበር። አቶ ጓንጉል ጃንጥላቸውን ዘርግተው ተኙ። በቀጣዩ ሳምንት አብሯቸው የሚተኛም አልነበረም።

የመዝጊያው ጨዋታ ሊደርስ አሥር ቀን ሲቀረው ከበላይ እንግዳ እንደሚመጣ ተነገረ። እንግዳው የተመለሰውን ሕዝብ በዓይኑ ሊያይ ነው። አቶ መንበሩ ሌሊቱን አልተኙም መሰል፣ ዓይናቸው ቀልቶ ከታረቀኝ ደጅ ደረሱ። ታረቀኝ ተነሥቶ በርጩማውን ለቀቀላቸው፤ እሱ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ሰብሳቢው ዙሪያ ጥምጥም ሄዱ። ጎሉ እንዳለ ነው፣ እንዲያውም በዝቷል፤ ታዲያ ሰው ምን ሆነ?

ታረቀኝ ዱላውን ከእሳቱ አወጣና ጫፉን በጉልበቱ አጎበጠው። ወይራ በግድ አይጎብጥም፣ ቀስ ብሎ ነው።

«ሜትር ባለቤት የለውም ጋሼ» አለ። «ሕዝቡ የለመደው የእርስዎን ክንድ ነው።»

«ክንዴን ይወደዋል ትላለህ?»

«እንዴታ። አቧራው ላይ ሆኖ ሲያየው ልቡ ይረካል።»

አቶ መንበሩ ክንዳቸውን ተመለከቱ። እንዲህ ያለ ነገር ጠርጥረው እንደነበር፣ በመጠኑ ትሑት መሆን ግን መልካም መስሏቸው ሜትር እንዳስገዙ ተናገሩ። ደንቡን እንመልሰው አሉ።

«ደንቡ በረኛው ሲጠይቅ ይላል» አለ ታረቀኝ፣ ዱላውን እያገላበጠ። «ያሁኑ በረኛ አዲስ ልጅ ነው፤ አፍሮ አይጠይቅዎትም።»

 ሰብሳቢው አራተኛው አንቀጽ ለጊዜው እንዲታገድ በማግስቱ ለእትዬ ስንዱ አስጻፉ።

በመዝጊያው እሑድ እንግዳው ዘገየ። መኪናው መንገድ ላይ ሰው አላሳልፍ ብሎት ነበር። ታረቀኝ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ቆሞ፣ ጓንቱን እንደ ድሮው በጥርሱ ስቦ አጠለቀና እጁን አነሣ። አቶ መንበሩ የኮታቸውን እጅጌ ሰብስበው፣ እንደሚወደድ ሰው ፈገግ ብለው፣ ተንበረከኩ። «አንድ» አለ ሜዳው። ስድስተኛው ክንድ ላይ ያው ነገር ነበር፤ ጣታቸውን ሰበሰቡ፤ ታረቀኝ ስንዝሩን በልቡ ተቀበለ። ከኋላ ያሉት አልታይ ስላላቸው መጀመሪያ እነሱ ቆሙ፤ ከዚያ ከፊት ያሉት፤ ከዚያ በግንቡ ላይ የነበሩት። አቶ ጓንጉልም ጃንጥላቸውን ዘግተው ተደግፈውት ቆሙ።

እንግዳው የደረሰው ሜዳው «ዘጠኝ» ብሎ ሲቆጥር ነው። በሰው መካከል ተጋፍቶ ከእትዬ ስንዱ አጠገብ ወጣና ጨዋታው ስንት ለስንት እንደሆነ ጠየቃቸው።

እትዬ ስንዱ ከመዝገባቸው ቀና አላሉም።

«ጎል ገና አልተቆጠረም ጌታዬ» አሉ፤ «ሕዝቡ ግን ተነሥቷል።»