ተራ ቁጥር አሥር

ጋምቤላ ውስጥ ለብዙ ዘመን ማንም ሰው ለማየት ከፍሎ አያውቅም ነበር። የባሮን ወንዝ ማየት ነጻ ነው። ባሮ ውስጥ የሚታጠበውን ሰው ማየትም፣ ተመልካቹ ካላፈረ፣ ነጻ ነው። በድሮው ወደብ ላይ የቀረውን የመርከብ ዝገት ማየት፣ ከፑኝዶ የስደተኞች ጣቢያ የሚመጡ የእርዳታ መኪኖች ጭቃ ውስጥ ተቀርቅረው ሾፌሮቹ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሲከራከሩ ማየት፣ ሁለት ጎረቤታሞች ስለ አንድ ፍየል በሦስት ቋንቋ ሲጣሉ ማየት፣ ሁሉም ነጻ ነው። ከደጋ ተመድቤ ስመጣ ከተማዋን የወደድኳት ለዚህ ነው። ለሙቀቷ አይደለም። ሙቀቷን እወዳለሁ የሚል ደገኛ ካገኛችሁ ወይ ይዋሻል ወይ የበረሃ አበል ይበላል። እኔ አበሉን እበላለሁ፤ አልፎ አልፎም እዋሻለሁ።

ከዚያ ክልል ሆንን።

ክልል መሆን ምን እንደሆነ ላላያችሁት ላስረዳ። መጀመሪያ ማኅተም ይመጣል። ቀጥሎ ማኅተሙ የሚቀመጥበት ቢሮ ይፈለጋል። ቢሮው ሲገኝ የቢሮው ስም በሩ ላይ በቀለም ይጻፋል፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ስሙ ይለወጣል። ከዚያ ኮሚቴ ይቋቋማል። ኮሚቴ ካለ አጥር አለ፤ አጥር ካለ በር፤ በር ካለ ቲኬት። እኛ ከማኅተም ተነሥተን ቲኬት ላይ ለመድረስ ሁለት ዓመት አልፈጀብንም።

ምክንያቱ የኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ውድድር ነበር። የመምህራን ማሠልጠኛችን፣ ኮሌጅ ተብሎ እንዲጠራ የሚፈቅደው ደብዳቤ ባይደርሰውም እኛ ኮሌጅ የምንለው፣ ለፍጻሜ ደርሷል። ተጋጣሚው ከደጋ በአውቶቡስ የመጣ ኮሌጅ ነው፤ ልጆቹ ከአውቶቡሱ ሲወርዱ ሙቀቱ ገና በሩ ላይ ግማሹን ቡድን አሸንፎ ነበር። ሜዳው ከባሮ ዳር፣ ከአንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አጠገብ ነው። ዙሪያው ባዶ ስለሆነ በሸምበቆ እንዲታጠር ተወሰነ። የአጥር ኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነበርኩ።

አናጺው ሊሠራ የመጣ ዕለት ሜትሩን ቤቱ ረስቶታል። ሰብሳቢያችን እንደኔው ደገኛ ነው፤ ሥራ እንዲቆም የማይወድ ሰው ስለሆነ እኔን ክንዴን ይዞ ምሰሶው ላይ አስደገፈኝና፣

«ከአቶ ግርማ አናት ላይ አንድ ስንዝር ጨምርበት። ያለ ቲኬት የሚያይ አይኖርም» አለ።

አናጺው፣ አኙዋ ነው፣ ጎንበስ ብሎ እኔን አየኝ። ቀና ብሎ ሰብሳቢውን ለማየት ሞከረ፤ ለእሱም መጎንበስ ነበረበት። «እናንተ ካላችሁ» ብሎ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ልኬቱ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብዬ ጽፌያለሁ።

ቲኬቱ ደግሞ በእኛው ማባዣ ተባዝቶ፣ በእኛው ማኅተም ተመትቶ፣ ለየቢሮው በኮታ ተደለደለ። ዋጋው ሦስት ብር። ድልድሉ ፍትሐዊ ነበር፤ የትኛውም ቢሮ አልተረሳም። ሕዝብ የሚባል ቢሮ ስለሌለ ብቻ ለሕዝብ አልተመደበም።

ለእኛ ቢሮ አሥር ደረሰን። የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ እኔ ነኝና ሐሙስ ዕለት ስም ዝርዝሩን አስመታሁ። የምትመታው አሪየት ናት፣ ታይፒስታችን። የከተማው ልጅ ናት፤ ቤቷ የሚነገረው አኙዋኛ ነው፤ አማርኛን በብዛት የተማረችው ከምትመታቸው ደብዳቤዎች ነው። ስለዚህ አነጋገሯ ቁጥርና ቀን ብቻ ይጎድለዋል። ከሁላችንም በላይ «እርስዎ» የምትለው እሷ ናት። ቁመቷ ከእኔ ጥቂት ያንሳል፤ ይህን ልብ በሉልኝ።

ኃላፊው፣ ምክትሉ፣ የቡድን መሪዎቹ። ቀጥሎ ንብረት ክፍሉ፤ እሱ ከተቀየመ ወረቀት አናገኝም። ቀጥሎ ሾፌሩ፤ እሱ ከተቀየመ የትም አንደርስም። ዘጠኝ ሞላ። አሪየት ጣቶቿን ፊደሎቹ ላይ አንሳፍፋ፣

«አሥረኛው ማን ይሁን?» አለችኝ።

ነገርኳት። መታችው። ሦስት ኮፒ፣ በካርቦን።

ጨዋታው ቅዳሜ ከቀኑ በአሥር ሰዓት ነው። በስምንት ሰዓት አሪየት ቢጫ ሻሽ አስራ ቤቴ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ቤቴ መጥታ አታውቅም።

«አቶ ግርማ፣ አንድ ትርፍ ቲኬት ካለ እንዲሰጠኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።»

«ኳስ ትወጃለሽ እንዴ?»

«ኳስ አልወድም። ኦኬሎ ይጫወታል። ወንድሜ ነው።»

እናታቸው የሞተችው እሱ ገና ሲድህ ነው፤ ያሳደገችው እሷ ናት። ማሠልጠኛው ካስገባችው ጀምሮ ጨዋታው ሁሉ በሥራ ሰዓት ስለሆነ አንድ ቀን አይታው አታውቅም። አሁን ጨርሷል። ምደባው ወጥቷል፤ ጆር ወረዳ። ነገ ጠዋት ይሄዳል። ዝናቡ ሊገባ ሳምንት ቀርቶታል፤ ዝናብ ከገባ ጆር መንገድ የለውም፣ ውኃ ነው ያለው፤ እስኪጎድል ሰው አይመጣም፣ ሰው አይሄድም።

«ሲጫወት እንዳይህ ይፈልጋል» አለች። «ቲኬት ካጣሁ ማንጎው ሥር እቆማለሁ፣ ሻሼን ከአጥሩ በላይ አነሣለሁ ብዬዋለሁ። እሱ ሻሹን ያያል። እኔ ግን እሱን አላይም። አጥሩ በልጦኛል።»

የአጥሩ ኮሚቴ ጸሐፊ ምን ይላል? «ቲኬት እንፈልግልሻለን» ይላል። ጫማዬን አደረግሁና ወጣን።

ነቃ ያለ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ሊጠይቀኝ እንደሚፈልግ አውቃለሁ። ትንሽ ይታገሠኝ።

መጀመሪያ ስፖርት ክፍሉ ሄድን። ጠረጴዛ፣ ማኅተም፣ ከማኅተሙ ኋላ አንድ ወጣት ሠራተኛ። ቲኬት የለውም፤ ሥርዓት ግን አለው። «ከቢሮዎ የድጋፍ ደብዳቤ ካመጡ ማክሰኞ እንመለከተዋለን» አለኝ። ጨዋታው ዛሬ ነው አልኩት። «እሱማ ግልጽ ነው» አለ። ሰውየውን አልተቀየምኩትም። የእኔ ክፍል ቢሆን እኔም የምለው ይህንኑ ነው፤ ምናልባት ረቡዕ እል ነበር።

ከዚያ ንብረት ክፍሉ ቤት። የእሱን ቲኬት የሚስቱ ወንድም ወስዶታል። ሾፌሩ ቤት፤ ሾፌሩ የለም፤ የቢሮውም መኪና የለም። ምክትሉ ቲኬቱን ጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበት፣ ቁልፉን ይዞ ለስብሰባ አዲስ አበባ ሄዷል። ኃላፊው አብሮት ሄዷል። በፀሐዩ ስንዞር አሪየት ከኋላዬ እንጂ ከጎኔ አትሄድም፤ አንድም ጊዜ አላማረረችም። በየደረስንበት ቤት የምትለው አንድ ቃል ነው፤ «እናመሰግናለን።»

ገበያው ዳር፣ ከልብስ ሰፊው ጥላ ሥር፣ ቲኬት የሚሸጥ ሰው እንዳለ ሰማን። በላቸው ይባላል። ዲማ ወርቅ ሲቆፍር ወባ ጥሎት ለሕክምና የመጣ ደገኛ ነው። ሲሻለው ሥራ ፈታ፤ ሥራ ሲፈታ ከየቢሮው ኳስ የማይወዱትን እያሳደደ ሦስት ቲኬት ገዛ። ሁለቱ ሄደዋል።

«ይቺ የመጨረሻዋ ናት» አለ፣ ቲኬቷን ደረቱ ላይ እያራገበ። «ሃያ አምስት።»

«ላይዋ ላይ ሦስት ብር ነው የሚለው።»

«ጋሼ፣ ወርቅም አፈሩ ላይ ዋጋው አልተጻፈበትም። ከአፈር ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«ወንድሟ ነው የሚጫወተው።»

በላቸው አሪየትን አያት። ትንሽ አሰበ። «ለዘመድ ሃያ» አለ።

አሪየት የሻሿን ጫፍ ፈታች። ከቋጠሮው አምስት ብር ወጣ። መልሳ ቋጠረችው። ልብስ ሰፊው መኪናውን አቁሞ ያየን ነበር፤ «አንተ ሰውዬ፣ ወባ ይሻልህ ነበር» አለው። በላቸው ሳቀ፤ ዋጋው ግን አልሳቀም። እኔ የጎደለውን ለመሙላት እጄን ወደ ደረት ኪሴ ሰደድኩ። የነካው ነገር ብር አልነበረም። እጄን ባዶውን መለስኩት። በዚያ መሃል አንድ የመንገድ ሥራ ቀያሽ መጥቶ ሃያ አምስቱን ከፍሎ ቲኬቷን ይዞ ሄደ።

አሁን ነቃ ያለው አንባቢ ሊጠይቅ ይችላል።

አዎ። አሥረኛው ስም የእኔ ነው። ቲኬቱ ለሁለት ሰዓት በሙሉ፣ አሪየትን ይዤ በየሰው በር ስቆም፣ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። ለምን አልሰጠኋትም ትሉኛላችሁ። ቅርጫት ኳስ አልወድም። ሕጉንም አላውቅም። ስሜ በማኅተም ተደግፎ ተራ ቁጥር አሥር ላይ ሲቀመጥ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ከክብር እንግዶቹ ሁለት ረድፍ ኋላ እቀመጣለሁ፤ አንድ ሰው ዞር ብሎ ሰላም ይለኛል፤ ይኸው ነበር ሕልሜ። ደግሞ ከቤት ወደ ቤት ስንሄድ የሌላ ሰው ቲኬት ይገኛል ብዬ ከልቤ አምኜ ነበር። የራስን ነገር ኪስ ውስጥ አድርጎ የሌላውን መፈለግ ቅንነት የሚመስልበት ሰዓት አለ።

ሜዳው በር ላይ ደረስን። ውስጥ ፊሽካ ተነፋ። ፖሊሱ «ቲኬት» አለ። አሪየት ወደ ማንጎው ለመሄድ ዞር ስትል አወጣሁና ያዝኩላት።

«እንካ... እንኪ» አልኳት። «ይሄ... ለካ እዚህ ነበር።»

ቲኬቱን ተቀበለች። አላየችውም።

«አውቃለሁ» አለች። «የመታሁት እኔ ነኝ።»

በሩን ካለፈች በኋላ አንድ ጊዜ ተመለሰች። የመጣችው ልትሰድበኝ መስሎኝ ነበር። «አቶ ግርማ፣ ኦኬሎ ማንጎው ጋ ይፈልገኛል። ውስጥ መሆኔ እንዲነገረው ይሁን» አለች፣ እንደ ደብዳቤ። ገባች።

ማንጎው ሥር ከመቶ የማያንስ ሰው ቆሟል። ኑዌሩ፣ አኙዋው፣ ጀልባ ቀዛፊው፣ ዓሣ ሻጯ። ሁሉም አገጩን አጥሩ ላይ አስደግፎ በእፎይታ ጨዋታውን ያያል። ቲኬት የሚባል ነገር መኖሩን የሰማም ያለ አይመስልም። ከሕዝቡ ሁሉ የማያየው አንድ እኔ ነኝ። ከፊቴ ያለው ሸምበቆ ነው፤ ከአናቴ በላይ በትክክል አንድ ስንዝር።

ጫፍ ላይ የቆመው ጋትሉዋክ የሚባል ጀልባ ቀዛፊ ነው፤ ባሮን ስሻገር ስለሚያሻግረኝ ያውቀኛል።

«አንተ፣ እዚህ ምን ትሠራለህ? የመንግሥት ሰው ውስጥ ነው» አለኝ።

«ኦኬሎ የሚባለው ልጅ ወዲህ ያያል?»

«ቁጥር ሰባት? አዎ። ኳስ በያዘ ቁጥር ማንጎ ያያል። ምን አጥቶ ነው?»

ነገርኩት። እጄን ከአጥሩ በላይ አወጣሁና ወደ ውስጥ ማመልከት ጀመርኩ።

«ተው» አለ ጋትሉዋክ። «ጣትህ ብቻ ነው የሚታየው። ትል ይመስላል። እኔ አሳየዋለሁ።» ረጅም ክንዱን አንሥቶ ወደ ወንበሮቹ ዘረጋው። «ቢጫ ሻሽ፣ አይደል? አየኋት። ቆማለች። ሰው ተቀመጪ ይላታል፤ እምቢ ብላለች።»

«እሱስ?»

«እኔን አየ። እጄን አየ።» ክንዱን አወረደ። «አሁን አያት።»

ሜዳው ውስጥ ትልቅ ጩኸት ተነሣ። «ምን ሆነ?» አልኩ።

«ኳሱን ተነጠቀ። ደገኞቹ አገቡ።» ጋትሉዋክ አገጩን አጥሩ ላይ መለሰ። «ልጁ ግን አሁንም እሷን እያየ ይስቃል። ምን ዓይነት ተጫዋች ነው?»

ጨዋታው ያለቀው በዚያችው ቅርጫት ልዩነት ነው። ዋንጫው በአውቶቡስ ደጋ ወጣ። ኦኬሎ በማግሥቱ ጆር ሄደ። ዝናቡ እሱን ተከትሎ እንደተባለው ገባ።

ሰኞ ጠዋት የሽንፈቱን መንስኤ የሚያጠና የግምገማ ስብሰባ እንዲጠራ ታዘዘ። ከቢሮአችን አሥር ተሳታፊ፣ ከምሳ ጋር። አሁን ከተማው ውስጥ የሽንፈቱን መንስኤ በትክክል የምናውቅ ሦስት ሰዎች ነን፤ አንዱ ባሮ ላይ ጀልባ ይቀዝፋል፤ እሱን የጠራው የለም። ስም ዝርዝሩን አሪየትን አስመታኋት፤ እንደ ልማዴ፣ ኃላፊው፣ ምክትሉ፣ ንብረት ክፍሉ። ዘጠኝ ላይ ስደርስ ስልክ ተጠራሁና ወጣሁ።

ስመለስ ወረቀቱ ተመትቶ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ተራ ቁጥር አሥር ተጽፏል፤ ፊት ለፊቱ ነጠብጣብ ብቻ። አሪየት ማሽኗ ላይ አጎንብሳ ካርቦን ታስተካክላለች። «አሥረኛው ማን ይሁን?» አላለችኝም።

እስክሪብቶዬን አወጣሁና «አሪየት» ብዬ ጻፍኩ። እዚያ ላይ እጄ ቆመ። ዝርዝሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ከእነ አባቱ ስም ነው። ሁለት ዓመት አብሬያት ስሠራ የእሷን አባት ስም አላውቅም።

ጠየቅኋት።

ነገረችኝ፤ ቀስ ብላ፣ ፊደል በፊደል፣ ትቼው እንዳልሄድ እያየችኝ። እሷ አስጻፈች፣ እኔ ጻፍኩ።