ለብላክ ሜታል የመጣ እዝን

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጥቁር ለብሶ ገበያ የወጣ ሰው ሳይጠየቅ መርዶ እንደተናገረ ይቆጠራል። ቀይ ብትለብሱ «ምን አግኝታ ነው?» ትባላላችሁ። አረንጓዴ ብትለብሱ ማንም ልብ አይላችሁም። ጥቁር ከለበሳችሁ ግን አላፊ አግዳሚው ፊቱን ቅጭም አድርጎ ሰላም ይላችኋል፣ ባለሱቋ ሳትከራከር ትሸጥላችኋለች፣ ጎረቤት ደግሞ የሟቹን ስም እስኪያገኝ እንቅልፍ የለውም። አዲስ አበባ ሰው ለማማር ብሎ ጥቁር ይለብሳል አሉ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው የለም። አልነበረም ልበል፣ ሊያ እስክትመጣ።

ሊያ የጓሮ ክፍሌን የተከራየች የውሃ መሐንዲስ ናት፤ ሥራ እኛ አገር ደርሷት ከአዲስ አበባ መጣች። ሱሪዋ ጥቁር፣ ሹራቧ ጥቁር፣ ጥፍሯ ሳይቀር ጥቁር። «ማዘር» ትለኛለች፤ ይኼን ይቅር ብያታለሁ። ሰፈሩ መጀመሪያ እናቷን ገደለባት። ትንሽ ቆይቶ እጮኛዋን ጨመረበት፤ በመኪና አደጋ፣ ከደጀን በታች፣ ዓባይ በረሃ ላይ። ቦታውን ጭምር ያውቁታል እኮ!

በሐምሌ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ከጓሮ ጩኸት ሰማሁ። ጉሮሮው የተቀደደ የወንድ ጩኸት። የማነበውን መጽሐፍ ወርውሬ በባዶ እግሬ ሮጥኩ። በሩን በርግጄ ስገባ ሊያ አልጋዋ ላይ እግሯን አጣጥፋ ብርቱካን ትልጣለች። የሚጮኸው ኮምፒውተሯ ነው።

«ዘፈን ነው፣ ማዘር። ብላክ ሜታል ይባላል።»

ጥቁር ብረት ማለት ነው አለችኝ። እኔ የማውቀው ጥቁር ብረት ማረሻ ነው። ልቆጣት አፌን ከፈትኩ፤ አፌን ሳልዘጋ ተቀመጥኩ። ሊያም ደስ ብሏት አልበሙን ከመጀመሪያው ጀመረችልኝ።

እስቲ እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ! ከበሮው በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ነው፤ ምቱን ልቁጠር ካላችሁ ትሞኛላችሁ። ጊታሩ ቀፎው የተነካበት ንብ ነው። ከዚያ ሁሉ ግርግር ሥር ግን አንድ ዝግ ያለ ዜማ ይሄዳል፣ አይቸኩልም። ከጮቄ ተራራ የሚወርደውን ጉም አይታችሁ ከሆነ እሱን ነው፤ መጀመሪያ ዛፉን ይውጣል፣ ከዚያ አጥሩን፣ ከዚያ እናንተን።

«ጎቲክም አለበት» አለችኝ ሊያ፣ እርጥብ ግንብና ሻማ ምናምን እያለች። ይኼን እንኳ አውቃለሁ! ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሴት ሆኜ ስለሆነ እጄ የገባውን ሁሉ አነባለሁ። ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ የትርጉም ልብወለድ ነበረኝ፤ እርጥብ ግንብ፣ የተቆለፈ ክፍል፣ ሻማ ይዛ ደረጃ የምትወርድ ሴት። መጨረሻው ተቀዶ ስለጠፋ ሴትየዋ እኔ ዘንድ እስከዚያ ቀን ድረስ ደረጃው ላይ ነበረች። አራተኛው ዘፈን ላይ ኦርጋኑ ተነሣ፣ አንዲት ሴትም ከሩቅ ቀጭን ድምፅ አወጣች። እሷ ናት! ወረደችልኝ!

እንከን የለውም አልልም። ሦስተኛው ዘፈን ማይክ እንደያዘ የስብሰባ ሰው ይንዛዛል፤ አንዳንድ ቦታም ኪቦርዱ ስኳር በዝቶበታል። ስድስተኛው ግን! ስድስተኛው ላይ ሁሉም ነገር ቀጥ ይልና ዝናብና ደወል ብቻ ይቀራሉ፤ የእኛ ዝናብ ይሁን የእነሱ አይለይም። ከዚያ ሰውዬው ይመለሳል። አመላለሱን ብታዩ! ጸጉሬ ቆመ።

በሩ የተንኳኳው ይኼኔ ነው።

የሴቶች እድራችን ሰብሳቢ እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው፤ ከኋላቸው ይርገዱና ሌሎች ጎረቤቶች፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ጃንጥላው ለእንጀራው ሌማት ተይዞ እነሱ ርሰዋል። ለሐዘንተኛ የሚወሰደውን እዝን ይዘው መምጣታቸው ነው። ንፍሮው በሳፋ ሙሉ፣ ገና ይተናል፤ ከጠዋት ጀምሮ እሳት ላይ ተጥዶ ይጠብቅ ነበር ማለት ነው፣ የጎደለው ጩኸት ብቻ ነበር። ሳይጠይቁ ገብተው ተቀመጡ። ሰውዬው ይጮኻል፣ እነሱ ያለቅሳሉ።

ጉዴን ተመልከቱልኝ። «ዘፈን ነው» ካልኩ እነዚህ ሁሉ ሴቶች መቀለጃ ሆኑ፤ ከዚያ በኋላ ለሊያ በዚህ ሰፈር እሳት የሚያውሳት የለም፣ ክፍሉን ለቃ መሄዷ ነው። ዝም ካልኩ ደግሞ እናቷ አዲስ አበባ በጤና ተቀምጠው እዚህ ሊለቀስላቸው ነው።

ሊያ ተነሣችና ዘፈኑን አጠፋችው። ፊቷ ልብሷን መስሏል።

«እናቴ ደህና ናት። ማንም አልሞተብኝም። ይኼ ዘፈን ነው፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።»

«ዘፈን?» አለች ይርገዱ፣ አፍንጫዋን እየጠረገች። «በዘፈን ነው እንዴ እንዲህ ያንሰፈሰፍሽኝ? አንቺ ከይሲ!»

ሁላችንም እትዬ ጥሩወርቅን አየን። አምና ወንድማቸውን ሲቀብሩ ሰው አስተናግዳለሁ ብለው እንባ ሳይወጣቸው የቀሩ ሴት ናቸው። አሁን ነጠላቸው ከዝናቡ በላይ ርሷል። ሊያን ትክ ብለው አዩዋት።

«ታዲያ ለምን አጠፋሽው?» አሉ።

ተከፈተ! እስከ መጨረሻው ዘፈን ተለቀሰ። ሲያልቅ የንፍሮው ነገር መጣ።

«እዝን ወጥቶ ቤት አይመለስም፤ ሟርት ነው» አለች ይርገዱ። «ሟች በሌለበትስ እንዴት ይበላል?»

እትዬ ጥሩወርቅ ወደ ኮምፒውተሩ በአገጫቸው ጠቆሙ። «ለዚህ ነዋ! ይኼ ሰውዬ ሰው ሞቶበታል። በጤናው እንዲህ አይጮህም።»

ንፍሮው ተበላ፤ ለሊያም ትልቁ ጭልፋ ደረሳት። ሲወጡ በየተራ ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ እያሉ «እግዜር ያጽናህ» አሉት። አልመለሰላቸውም፤ ሐዘንተኛ ነውና አልተቀየሙትም።

በማግስቱ ሊያ ግጥሙን ተረጎመችልኝ። ሰውዬው ማንም አልሞተበትም። የሚጮኸው ፀሐይ ለምን ወጣች ብሎ ነው። እኛ እዚህ በሐምሌ ልብስ የምናሰጣበት ፀሐይ አጥተን! ለማንም አልተናገርኩም።

እትዬ ጥሩወርቅ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ባገኙኝ ቁጥር «ያ ልጅ እንዴት ሆነ? ተጽናና?» ይሉኛል።

«ገና ነው፣ እትዬ።»

«አይ ወንድሜን! አይዞህ በይልኝ።»

እሺ እላለሁ እንጂ አላደርገውም። ተጽናንቶ ቀጣዩን አልበም ቢያበላሽብኝስ?